ሰባት ባቄላ በብርጭቆ

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ በሂሳብ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ጂም ሁለት ጊዜ ተመዝግቤ ሁለቴም ከወር አላለፍኩም። ባለፈው በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ቡድን የእርምጃ ውድድር ተጀመረና ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ። በቀን 10,000 ተባለ። እየደከመኝም 41 ቀን ሳላቋርጥ ሄድኩ። ከዚያ አክስቴ አርፋ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ አፑ 41ዱን ቀን አጥፍቶ ከዜሮ ጀመረልኝ። ይኸው ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በሰንጠረዡም ላይ ሁሌ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበርኩ። ምግቡን በካሎሪ መቁጠሪያ ልከታተል ብዬ የእኛን ቤት ሽሮ የሚመስል ነገር አጣሁበት። ቢሮ በቀን ሦስት ሻይ እጠጣለሁ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ነጥቤን ስትጠይቀኝ ደስ ይላት ነበር፤ ባለቤቴ ግን ‹በዚህ ዕድሜሽ ጨዋታ› እያለ ይስቅብኛል። እውነት የልጅ ነገር ነው? ወይስ እኔ ነኝ ጽናት የሌለኝ?» (ከሰሚት)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጽናት የሌለው ሰው 41 ቀን አይዘልቅም። የተበላሸው የጨዋታው ሕግ ነው። ለቅሶን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሕግ እድርና ዘመድ ላለው ሰው አልተሠራም። ስለዚህ ሕጉን ራስዎ ያውጡ። ለዚህ የሚያስፈልግዎት ወረቀት፣ እስክሪብቶና ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ነው፤ ስልኩ እርምጃ ይቁጠር እንጂ ዳኛ አይሁን።

ቀን ሳያቋርጡ የመቁጠር ጨዋታ ጉልበቱም ድክመቱም አንድ ነው፦ ቁጥሩ ባደገ መጠን ማጣቱ ይከብዳል። በ5ኛው ቀን ቢበጠስ ማንም አይደነግጥም። በ41ኛው ሲበጠስ ግን ሁሉም በአንድ ጀንበር የሄደ ይመስልና «ካለቀ አይቀር» ብሎ መተው ይመጣል። ሰውነትዎ ግን ከዜሮ አልጀመረም፤ ከ41 ቀን የእግር ጉዞ በሦስት ቀን ዕረፍት የሚጠፋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ጥናት አዲስ ልማድ የጀመሩ 96 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ሲለያይ መካከለኛው 66 ነበር። መሃል ላይ አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላበላሸውም። በ66ቱ ከሄድን እርስዎ ያቆሙት መንገዱን ከግማሽ በላይ ሄደው ነው።

10,000 የሚለውም ቁጥር ከሐኪም የመጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካገኘበት ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖ ኬይ» የሚባል የእርምጃ መቁጠሪያ ሸጠ። ስሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» እንደማለት ነው፤ ቁጥሩ ከገበያ ተነሥቶ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት፣ በቀን 4,400 አካባቢ የሚራመዱት 2,700 አካባቢ ከሚራመዱት ይልቅ የሞት መጠናቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ቆሟል። እርስዎ ገና 36 ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት። ከ4,000 ወደ 6,000 መድረስ ግን እንደ ውድቀት የሚቆጠር ነገር እንዳልሆነ ይወቁት።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ ይቁጠሩ። የሰባቱን ቀን ደምረው ለ7 ያካፍሉ። 4,300 ቢመጣ የመጀመሪያ ዒላማዎ 5,300 ነው። 1,000 እርምጃ ፈጠን ብለው ሲሄዱ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሲያሸንፉ 500 ይጨምሩ። በተሸነፉበት ሳምንት ማግስት ግን በጭራሽ አይጨምሩ። እልህ የገባው ሰው የሚሠራው ስህተት ይሄ ነው፤ ሰኞ 9,000 ይሄድና ረቡዕ እግሩን ማንሳት ያቅተዋል።

ስልክዎ አብሮዎት ያልተንቀሳቀሰበትን አይቆጥርም። ጠረጴዛ ላይ ትተውት ፋይል ፍለጋ ሦስት ፎቅ ቢወጡ ለእሱ ቁጭ እንዳሉ ነው። ኪስ የሌለው ቀሚስ የለበሱ ቀን ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይገባና ቁጥሩ ይለወጣል። ፍጹም ትክክል እንዲሆን አይድከሙ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይያዙት። የሚወዳደሩት ከራስዎ ጋር ስለሆነ ስህተቱም በየቀኑ አንድ ዓይነት ከሆነ አይጎዳም።

አሁን ወደ ባቄላው። እሑድ ማታ ሰባት ባቄላ በብርጭቆ አድርገው ማጀት ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያስቀምጡ። (ጥሬውን ነው፤ ቆሎው ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቃል።) ዒላማው ያልተሞላበት ቀን ማታ አንድ ባቄላ ይወጣል። በሚቀጥለው እሑድ ማታ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ሳምንቱን አሸንፈዋል፤ ብርጭቆው እንደገና ሰባት ይሆናል። ያለፈው ሳምንት ሽንፈት ወደ አዲሱ አይሻገርም።

ለምን ሰባቱን አስቀድሞ ሰጥቶ መቀነስ? ከባዶ ብርጭቆ ጀምሮ አንድ አንድ ቢጨመር ሒሳቡ ያው ነው። የሰው ልብ ግን ገና ላላገኘው ከሚጓጓው ይልቅ እጁ ከገባው ሲወሰድበት ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ94 ቤተሰብ የመጡ 200 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። የጨዋታው ወገን ቤተሰቦች በየሳምንቱ መጀመሪያ 70 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በየቀኑ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል፤ ያ ሰው የእርምጃ ዒላማውን ካልሞላ 10 ነጥብ ይቀነሳል። በ12ቱ ሳምንት እነዚህ ሰዎች ዒላማቸውን የሞሉት ከቀኖቹ በ53 በመቶ ሲሆን፣ ጨዋታ ያልተሰጣቸው በ32 በመቶ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ለባለቤትዎም መልስ ይሆናል፤ የተጫወቱት አዋቂዎች ነበሩ።

ሁለቱ ትርፍ ባቄላዎች ለትኩሳት፣ ለሠርግ፣ የወር አበባ ለሚከብድበት ቀን፣ ወይም እንዲሁ ላልሆነልዎት ቀን ናቸው፤ ምክንያት አይጠየቅባቸውም። ለቅሶ፣ የልጅ መታመም፣ የሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ሲመጣ ግን ሌላ ሕግ አለ፦ ብርጭቆውን በስኒ ማስቀመጫ ይክደኑት። የተከደነ ብርጭቆ አይቆጠርም፣ አይሸነፍም፤ ሲከፈት ከነበረበት ይቀጥላል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቢበዛ ለሰባት ቀን። ደግሞም የሚከደነው በዕለቱ ነው። ባቄላ ከወጣ በኋላ ወደኋላ ተመልሶ መክደን ከተፈቀደ እያንዳንዱ የስንፍና ማታ ለቅሶ ይሆናል።

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ጨዋታ የተሠራ ይመስላል። አንድ ወረቀት ላይ በአምስት ረድፍ ስድስት ስድስት ሣጥን ይሥሩና በየቀኑ ምልክት ያድርጉ፤ አንድ ወረቀት አንድ ወር ነው፣ ጳጉሜን ዕረፍት። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከሠላሳው በፊት ሦስት ትርፍ ሣጥን ይጨምሩና ከመጀመርዎ በፊት ይሙሏቸው፤ ከ41 ቀንዎ የተረፈ ውርስ ይሁን። ቀልድ አይምሰልዎት። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት አንድ መኪና እጥበት ለደንበኞቹ በየእጥበቱ ማኅተም የሚመታበት ሁለት ዓይነት ካርድ አደለ፤ አንዱ 8 ባዶ ቦታ ያለው፣ ሌላው 10 ቦታ ኖሮት ሁለቱ አስቀድመው የተመቱ። ሁለቱም ስምንት እጥበት ነው የሚጠይቁት፤ ባዶውን የጨረሱት 19 በመቶ፣ የተጀመረውን የጨረሱት 34 በመቶ ሆኑ።

ክረምት ሲገባ ወይም ጨለማና ውሻ ሲያስፈራ ምትክ ያስፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ምትኩ በር ላይ አለልዎት። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አራት ዙር ወጥቶ መውረድ እንደ 1,000 እርምጃ ይቆጠር፣ ስልኩ ምንም ይበል። ሲወጡ ልብ ይመታል፤ ጉልበትን የሚፈትነው ግን መውረዱ ነው፣ ስለዚህ ሲወርዱ አይሩጡ፣ እጀታውን ይያዙ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ይህን ምትክ ይተዉትና ቤት ውስጥ ለ10 ደቂቃ ባሉበት ይርገጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው ማውራት እየቻሉ መዝፈን የሚያቅትዎት ፍጥነት ነው። ለጡንቻው የሚመቸው ጨዋታ ደረጃ ነው። አንደኛ ደረጃ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያለ እጅ እገዛ መነሳት፣ እና ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ለእያንዳንዱ 8 ጊዜ በሁለት ዙር። ቀስ በቀስ ወደ 12 ጊዜ በሦስት ዙር ያድጉ። ይህን በሁለት የተለያየ ቀን ሲጨርሱ ሁለተኛ ደረጃ ይገባሉ፦ ያለ ወንበር ቁጭ ብድግ፣ እና ግድግዳው ቀርቶ የማይንሸራተት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መግፋት፤ ቁጥሩም ወደ 8 ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ በየእጅዎ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተው ይይዛሉ፤ አራት ኪሎ ማለት ነው። መግፋቱ ደግሞ በጉልበት ተንበርክኮ መሬት ላይ ይሆናል። ደረጃ መዝለል ክልክል ነው። ጂም ላይ ሁለቴ ያቆሙበትን ምክንያት ባይጽፉልንም፣ ብዙ ሰው የሚተወው በመጀመሪያው ሳምንት ከአቅም በላይ ሠርቶ ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ሲያቅተው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዥስ? ይውጡበት። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ይዞ የሚዞር ሰውና ወንበር ላይ የሚውል ሒሳብ ሠራተኛ በጥሬ እርምጃ ሲደረደሩ የሚለካው የሥራ መደባቸው ነው። ቁጥሩ ብቻ ሲከበር ደግሞ ስልኩን ለሚሯሯጥ ልጅ የሚያስይዝ አይጠፋም። ፉክክር በራሱ ግን መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በ602 የአሜሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ድጋፍን፣ ትብብርንና ፉክክርን ሲያወዳድር በእርምጃ የበለጡት ተፎካካሪዎቹ ነበሩ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ልዩነቱ የቀረው በእነሱ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ግን የሚፎካከሩት ሦስት ሦስት ሆነው ነው፣ ዒላማውም ለእያንዳንዱ ከራሱ መነሻ የተነሣ ነው። እርስዎም ሁለት የሥራ ባልደረባ ይምረጡና እሑድ ማታ የብርጭቆውን ፎቶ ይላላኩ። የሚነጻጸረው የቀረው ባቄላ ነው። 5,300 የምትሄደው 11,000 የምትሄደውን ማሸነፍ ትችላለች።

ምግቡን በካሎሪ ለመቁጠር መሞከሩን ይተዉት። ሽሮው ውስጥ የገባው ዘይት ከቤት ቤት በእጥፍ ይለያያል፤ ከአንድ ትሪ አራት ሰው ሲበላ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። ሊቆጠር የሚችለውን ብቻ ይቁጠሩ፣ እሱም ስኳሩ ነው። ሦስት ሻይ በሦስት ማንኪያ በቀን ዘጠኝ ማንኪያ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ 36 ግራም ይሆናል፣ ከቢሮ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት ማንኪያ ገደማ፣ ባይበልጥ ይላል።

ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ ይፈልጉና ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን የቢሮ ስኳር በማንኪያ ቆጥረው ይሙሉት። በአምስት የሥራ ቀን 45 ማንኪያ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አይቀንሱ። ሁለተኛው ሳምንት 37፣ ሦስተኛው 30፣ አራተኛው 22፣ አምስተኛው 15 ያድርጉት፤ 15 ማለት ለአንድ ሻይ አንድ ማንኪያ ነው። ብልቃጡ መሳቢያዎ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከቢሮው ስኳር ዕቃ መውሰድ አይቻልም። ሐሙስ ካለቀ ዓርብ ያለ ስኳር ነው። ሰኞና ማክሰኞ እንደ ልብ ጨምሮ ዓርብ ላይ መጨማደድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያጋጥማል፤ ከዚያ እጅ ራሱ መመጠን ይለምዳል። ለውጡ በሳምንት ለአንድ ሲኒ ግማሽ ማንኪያ ያህል ብቻ ስለሆነ ምላስም ይከተላል። ሻዩን በለስላሳ ከተኩት ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 32 ግራም፣ ስምንት ማንኪያ ይይዛል።

ሁለተኛው የምግብ ሕግ አጭር ነው፦ በምሳ ትሪ ወይም ሳህን ላይ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያ ወይም ጥቅል ጎመን ካለ በዕለቱ ሣጥን ውስጥ አንድ ነጥብ ይደረጋል። ከሌለ ባዶ ይቀራል፣ ባቄላ አይወጣም። ሦስተኛ የምግብ ሕግ አይጨምሩ። ጉርሻም ነጥብ አይቀነስበትም፤ አጉራሹን የሚያስከፋ ጨዋታ ቤት ውስጥ አይቆይም።

ኪሎም ከጨዋታው ውጭ ይሁን። በውሃና በጨው ብቻ ክብደት በቀናት ውስጥ አንድና ሁለት ኪሎ ይወጣል ይወርዳል፤ ሁሉን በትክክል የሠሩበት ሳምንት ሚዛኑ ቢጨምር ጨዋታው በማያውቁት ነገር ቀጣዎት ማለት ነው። ከዚህ ቀደም ከምግብ ጋር የከረረ ጠብ ውስጥ ገብተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ራስን ማስራብ ወይም በልቶ ማስመለስ፣ የምግቡን ቆጠራ ሙሉ በሙሉ ትተው በእንቅስቃሴው ብቻ ይቀጥሉ።

የሚጾሙ ከሆነ ጾሙን ነጥብ አይስጡት። ለእግዚአብሔር የተደረገውን ከባቄላ ጋር ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩ ከሆነ ጠዋት ቀላል ጉዞ ብቻ፤ የጡንቻውን ሥራ ከገደፉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተው ወደ ማታ ያድርጉት። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ማለትም አይደለም፤ በጾም ወቅት ድንች ጥብስ፣ ሳምቡሳና ዳቦ በማር የሽሮውን ቦታ ይወስዱና ሰው «ምንም ሳልበላ» እያለ ይወፍራል። የጎመኑ ነጥብ የሚጠቅመው በተለይ ያኔ ነው።

ሽልማቱን በዕቁብ መንገድ ያውጡ። አሥር ቁራጭ ወረቀት አጥፈው በጣሳ ይጨምሩ፦ ስድስቱ ላይ «በርቺ» ብቻ፣ ሦስቱ ላይ ትንሽ ነገር (አንድ ሰዓት ማንም የማይጠራኝ፣ ፀጉር ቤት)፣ አንዱ ላይ ትልቁ፣ ለምሳሌ ጥሩ የእግር ጉዞ ጫማ። ያሸነፉበት እሑድ አንድ ዕጣ ያወጣሉ፤ የወጣው ተመልሶ ይገባል። ምን እንደሚወጣ አለማወቁ ነው ሰውን የሚስበው፤ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት የሚሰጥ ሽልማት በአራተኛው ሳምንት ደመወዝ ይመስላል። ክትፎና ኬክ ጣሳው ውስጥ አይግቡ፤ ምግብ ሽልማት ሲሆን ጎመኑ ቅጣት ይሆናል። ከዕጣው ሌላ፣ የሚወዱት ትረካ ካለ በእግር ጉዞ ጊዜ ብቻ ያዳምጡት። ታሪኩ ልብ ሲያንጠለጥል ያቁሙት፤ ነገ የሚያወጣዎት እሱ ነው።

ጨዋታው ይሰለቻል፣ ይህ የተለመደ ነው። በየወሩ ወረቀቱ ሲያልቅ አንድ ሕግ ብቻ ይለውጡ፦ መንገዱን፣ ዕጣውን፣ ወይም ምትኩን። ከሦስት ወር በኋላ ሳያስቡት የሚያደርጉትን ነገር ከጨዋታው ያውጡት። በአንድ ማንኪያ ስኳር ሻይ መጠጣት ከለመዱ ብልቃጡ ሥራውን ጨርሷል፤ ወደ ማጀት ይመለስ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የደም ግፊት ያለብዎት፣ ወይም ሲራመዱ ደረትዎን የሚይዝዎት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይታዩ።

የቀረው ባለቤትዎና ልጅዎ ናቸው። ባለቤትዎን ለማሳመን አይከራከሩ፤ ብርጭቆው ማጀት ውስጥ ይቆይ፣ ከሳምንት በኋላ «ዛሬ ስንት ቀረ» ማለታቸው አይቀርም። ዳኝነቱን ለልጅዎ ይስጧት። ባቄላውን የምታወጣው እሷ ትሁን፤ የ9 ዓመት ልጅ ይግባኝ አትቀበልም። ሥልጣኗ ግን ብርጭቆው ላይ ብቻ ነው። እርስዎ ምን እንደበሉና ስንት ኪሎ እንደሆኑ አትጠይቅ፣ አይንገሯትም፤ «ወፈርኩ» የሚለውም ቃል እሷ ፊት አይነሣ። ማታ ስትመጣ የምትጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ «እማ፣ ዛሬ ይውጣ ወይስ ይቀመጥ?»